እርድ ጣሳ ውስጥ የተደበቀው ኪኒን

እኔና ፋዱማ ቀፊራ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ ቅመም እኔ በርበሬ ስንሸጥ አስራ ስምንት ዓመት ሆነን። ሴትዮዋን እወዳታለሁ፤ ግትርነቷ ግን አድክሞኛል።

አምና ጎኗን ሲያማት አልትራሳውንድ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አየ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ብዙም አያሳስቡም፣ በየጊዜው ማየት ይበቃል አለ። የእሷ ግን ብዙ ናቸው፤ እናቷንና ወንድሟን የገደለው የዘር በሽታ ነው። ቆርጠው የሚያወጡት ነገር አይደለም። የግፊት ኪኒኗን በየቀኑ ከዋጠች፣ ጨው ከቀነሰች፣ ኩላሊቷን ካስመረመረች ግን ብዙ ዓመት ልታቆየው ትችላለች።

«ልጅ ካለሽ ትመርመር፤ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው» አላት።

ያለቻት አንድ ልጅ ኑርሀን ናት። የኒካዋ ቀን ተቆርጧል፤ ልታገባ ነው።

«ዘሯ በሽተኛ ነው ብለው ቢተዋትስ? ወላሂ እፀገነት፣ አፍሽን ዝጊ» አለችኝ ፋዱማ።

እኔም ሞኟ ዘጋሁ። ኪኒኑን መደቧ ላይ፣ እርድ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። ጠዋት ስትመጣ ትውጣለች። አርብ ገበያ አትወጣም፤ ስለዚህ አርብ ኪኒን የለም። ዒድ ሲሆን ደግሞ ሦስት አራት ቀን ይዘለላል። ስጨቀጭቃት «አቦ ተይኝ!» ትላለች። እኔም ሰለቸኝ።

ዘንድሮ ከዒድ ማግስት ኑርሀን ደግፋ አመጣቻት።

«ራሷን እያመማት ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ገበያ ውሰጂኝ ትላለች» አለችኝ ልጅቷ ግራ ገብቷት።

ፋዱማ ጣሳውን አነሳች። እጇን ሰዳ ስትበረብር ጣሳው አመለጣትና እርዱ ተደፋ፤ እሽጉም አብሮ ወደቀ። ኑርሀን አንስታ በሻሿ ጫፍ ጠረገችውና አነበበች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያንኑ ዓይነት እሽግ አወጣች።

«ሆዮ» አለቻት እናቷን፤ «እኔም ይሄንኑ ነው የምውጠው። ሁለት ዓመቴ። ዐያንሌ ያውቃል፤ ያስመረመረኝም እሱ ነው። እንደ አያቴ ልትሆን ነው ብለሽ እንዳታለቅሺ ነው የደበቅኩሽ።»

ዐያንሌ እጮኛዋ ነው። እኔ ባጃጅ እየጠራሁ አለቀስኩ። ፋዱማ ግን አላለቀሰችም። ቢጫ በሆነ እጇ የልጇን ክንድ ያዘች።

«አርብስ?» አለቻት። «አርብም ትውጪያለሽ?»