የሙርሺዳ ወበቅ

ሙርሺዳ ናይሮቢ የገባችው በጥቅምት ወር ነው። ከሞያሌ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ኢስትሊ የሚባለው ሰፈር ሲያወርዳት፣ ባሏ ጃፈር ሻንጣዋን ተሸክሞ ከፊት እየመራ፣ "ስለ አየሩ አታስቢ፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ ነው" አላት። አልዋሸም። ያን ሰሞን ዝናብ ይጥል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል። ሙርሺዳ ስልጤ አገር፣ አሊቾ ውሪሮ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እስከ አርባ ስምንት ዓመቷ እዚያው የኖረች ሴት ናት። ጠዋት በር ሲከፈት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚታይበት አገር ነው። ብርድ ሲባል ታውቀዋለች፤ የማታውቀው ሌላውን ነበር።

ጃፈር ኢስትሊ ውስጥ ልብስ ሲነግድ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አገሩ የሚገባው ለአረፋ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር ሰንብቶ ይመለሳል። አንድ ልጃቸው ሱፍዋን ተምሮ ሐዋሳ ሥራ ሲይዝ ግን፣ "ባዶ ቤት ከምትጠብቂ ነይ፣ አብረን እንሁን" ብሎ አመጣት። እሷም ደስ ብሏት መጣች። ደርሳ ያየችው ሌላ ሆነ። ጃፈር ከወሩ ሦስቱን ሳምንት የሚያሳልፈው ሞያሌ ነው፤ ዕቃ ያደርሳል፣ ዕቃ ይቀበላል። አገሯ ሆና ትጠብቀው የነበረውን ሰው፣ አሁን በሰው አገር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ትጠብቀው ጀመር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከበላዩ ሌላ ቤት የለም፤ ባዶ የሲሚንቶ ጣሪያና ጥቋቁር የውሃ ሮቶዎች ብቻ። ያለችው አንዲት መስኮት የምትከፈተው በጎን ካለው ሕንጻ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ሥራ ፈት እንዳትሆን ጃፈር የስፌት መኪና ገዛላት፤ ከሕንጻው ሥር ያለ አንድ የመጋረጃ ሱቅ ደግሞ ጠርዙን አጥፋ የምትሰፋው ጨርቅ ይሰጣት ጀመር። ጠዋት ወርዳ ትቀበላለች፣ ማታ አድርሳ ትመለሳለች። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምትለዋወጠው ቃል በዚያ ደረጃ ላይ ያልቃል።

ጥር ሲገባ ዝናቡ ቆመ፣ ሰማዩ ተገለጠ፣ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ያጠበችው ልብስ ቶሎ ይደርቅልኛል ብላ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ያ ጣሪያ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ እንደሚያወርደው ገባት። ክፍሏ ውስጥ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። ከኮሪደሩ የጎረቤቶች እጥበት እየተንጠባጠበ፣ ከየበሩ የሩዝ እንፋሎት እየወጣ፣ አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ጣሳ ውስጥ ያለው ጨው ረጥቦ አንድ ድንጋይ ሆነ። ፊቷን ጠርጋ ፎጣውን ሳታስቀምጥ ግንባሯ ተመልሶ ይረጥባል። ውሃ ልጠጣ ብትል ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ለብ ብሏል። ፍራሹን ትታ ጉንጯን የወለሉ ሸክላ ላይ አድርጋ ተኛች፤ ሸክላውም ቶሎ ይሞቃል፣ እየተንፏቀቀች ያልነካችውን ትፈልጋለች። እንዲህ ያለውን ሙቀት አገሯ በስሙ ብቻ ታውቀው ነበር፤ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች "ወበቁ፣ ወበቁ" ሲሉ።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተጨመረ። አንዳንዴ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ፣ ከደረቷ ውስጥ አንድ ሰው የድስት ክዳን እንደከፈተ ሁሉ ትኩስ ነገር ሽቅብ ይወጣል። አንገቷን ያቃጥላል፣ ጆሮዋን ያቀላል፣ ከዚያ ላቡ ከፀጉሯ ሥር ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ልብሷ ቀዝቅዞባት ትንቀጠቀጣለች። ይህም ያው የናይሮቢ ሙቀት ነው ብላ ደመረችው።

ለሰው ብትናገር የሚያምናት አጣች። ጎረቤቷ ኩለሱም ሞያሌ ተወልዳ ያደገች፣ ኢስትሊ ካሉት የገበያ አዳራሾች በአንዱ ጫማ የምትሸጥ ወጣት ናት፤ አማርኛ የምታናግራትም እሷ ብቻ። "እትዬ ሙርሺዳ፣ ይሄ ምኑ ይሞቃል?" አለቻት በሯን እየቆለፈች። "ሞያሌን በዚህ ወር ብታዪው ምን ልትዪ ነው።" የሕንጻው ዘበኛ ደግሞ በልብሷ ጫፍ ስታራግብ አይቷት "ጆቶ?" አላት። ሙቀት ማለቱ እንደሆነ በዚያ ሰሞን ተምራዋለች። ራሷን ነቀነቀች። ሰውየው ሳቀና በእጁ ወደ ሩቅ አመለከተ፤ "ጆቶ፣ ሞምባሳ።" ሱፍዋን ጋ ደወለች። እሱም ስልኩን ሲነካካ ቆየና፣ "ሃያ ስምንት ነው የሚለው እኮ፣ እማ። ሐዋሳ ይበልጣል" አላት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሙቀት ማውራት ተወች። ሰው ሁሉ በአንድ አየር ውስጥ እየኖረ እሷ ብቻዋን ሌላ አየር ውስጥ ያለች መሰላት። ደረጃውን ወርዳ መንገዱን ስታይ፣ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች ተሸፋፍነው፣ ፊታቸው ደረቅ፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ጥሩንባውን ሲያምባርቅ ዘወር እያሉ ያልፋሉ። እሷ ሻሿ አንገቷ ላይ ተጣብቆ ግድግዳ ትደገፋለች።

ረመዳን በየካቲት ገባ፤ ሙቀቱ በባሰበት ወር ማለት ነው። ጃፈር ሞያሌ ነበር። ሙርሺዳ ቀኑን ምላሷ ደርቆ ስትሰፋ ትውላለች፤ አዛን ሲል ከታች ባመጣችው ሳምቡሳና በሦስት ፍሬ ቴምር ብቻዋን ታፈጥራለች። አገሯ ሳለች ለማፍጠሪያ የእህቷ ቤትና የእሷ ቤት አንድ ነበር። እዚህ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሰሃንና ሳቅ ይሰማታል፤ ቋንቋቸውን ግን አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነጭ የሐር መጋረጃ ስትሰፋ ያ ከደረት የሚነሳው ነገር መጣባት፤ ጨርቁን ከጭኗ ሳታነሳ ላቧ ጠብ ጠብ አለበት። ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም። ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አሳያት፣ አጣጥፎ ወደ ጎን አደረገው፤ በማግስቱ የሰጣት ጨርቅ ግን ሁሉም ጠቆር ያለ ነበር።

ለዒድ ጃፈር መጣ። ቬንትሌተር ይዞላት ነበር። ሰክተው አበሩት፤ ያንኑ ሙቅ አየር ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሰው ጀመር። ጃፈር የሚስቱ ፊት እንደከሳ፣ ዓይኗ ሥር እንደጠቆረ አየ።

"እውነቱን ንገሪኝ። አገርሽ ልትመለሺ ነው የምትፈልጊው?"

"ሙቀቱን አልቻልኩትም።"

"ሌላው ሰው እንዴት ቻለው?"

"እኔም እሱን ነው የማላውቀው" አለችው።

አልተቆጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እስከ ሞያሌ አብራው እንድትሄድ፣ ከዚያ ወደ አገሯ እንድትሳፈር ተስማሙ። ሲወጣ ግን "ከመንገድ በፊት ሐኪም ይይሽ፤ ወባ እንዳይሆን" ብሏት ሄደ። ተመረመረች፤ ወባ የለብሽም ተባለች። ስትመለስ ኩለሱም ደረጃው ላይ አገኘቻትና፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ሌላ ክሊኒክ ኢትዮጵያዊት ነርስ እንዳለች ነገረቻት። "በአማርኛ ብታስረጃት ይሻላል።"

ነርሷ ሙሉሸዋ ትባላለች። ስልሳ የሚጠጋት፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ኢስትሊ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት። የሙርሺዳን የደም ግፊት ለካች፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች።

"ሙቀቱ ሲመጣብሽ ከየት ነው የሚጀምርሽ?"

እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሙርሺዳ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። "ከዚህ። ወደ አንገቴ ይወጣል፣ ወደ ፊቴ። ከዚያ ላቡ። ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኛል።"

"ጠዋት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲልስ?"

"ፈጅር ስሰግድም ይመጣብኛል።"

"የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?"

ሙርሺዳ ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች። "ረመዳንን ሙሉውን ጾምኩ" አለች ቀስ ብላ።

የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደማትጾም ሙሉሸዋ ታውቃለችና ገባት። "አንድም ቀን አልቀረብሽም?"

"አንድም ቀን።"

"አምናስ?"

"አምና ስድስት ቀን ቀርቶብኝ በኋላ ጾሜዋለሁ።"

"ዘንድሮ ለምን የቀረ መሰለሽ?"

"ሙቀቱ ያደረቀኝ መሰለኝ።"

ነርሷ አልሳቀችም። "ሙቀቱ አይደለም ያደረቀሽ፣ እህቴ። የወር አበባሽ መቆሚያው ደርሶ ነው ሙቀቱ የመጣው። ማረጥ ይባላል፤ በሽታ አይደለም። የናይሮቢው ሙቀትም አለ፣ ያ ጣሪያም አለ፤ አልተሳሳትሽም። ይሄኛው ግን የአገሩ አይደለም፣ የራስሽ ነው። ደጋ ብትወጪም አብሮሽ ይወጣል።" ስትጽፍ ቆየችና ቀና አለች። "አገርሽ ብትሆኚ ይህን ለማወቅ ነርስ ጋ አትመጪም ነበር። እህት የለሽም?"

"አለችኝ።"

"ደውዪላት።"

ስትወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ የመጋቢት መጨረሻ ነው። ከትኩሱ አስፋልት እንፋሎት ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ከሱቆቹ መጠለያ ሥር ተፋፍጓል። ሙርሺዳ እዚያው መሐል ቆማ ለታላቅ እህቷ ለሰዲቃ ደወለች። ነገሩን ነርሷ እንዳለችው በአማርኛ ልትጀምር አፈረችና ወደ ስልጥኛ ዞረች፤ አጠገቧ ስልጥኛ የሚሰማ ሰው ባይኖርም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

ሰዲቃ ሳቀች። "አንቺም ደረስሽ በይኛ። እኔኮ ሦስት ዓመት አለፈኝ።"

"ጎንሽ ሆኜ? ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ። አንቺ ገና ነበርሽ።" ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። "እናታችን ማታ ማታ ደጅ ወጥታ ግንድ ላይ ስትቀመጥ አታስታውሺም? ውርጭ ሲወርድ፣ ነጠላዋን ጥላ። ጅብ ስታደምጥ ነው እያልን ጀርባዋን ስናይ የነበረው።"

ሙርሺዳ አስታወሰች። ልጅ ሳለች በበሩ ቀዳዳ ያየችው ያ ባዶ ትከሻ፣ በጨረቃ ብርሃን ቀጭን እንፋሎት እያወጣ። ጅቡ መጥቶ እናቷን እንዳይበላባት ስትጸልይ ነበር። ልትመልስላት ስትል ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆመች። ዙሪያዋን የቆሙት ሰዎች ይስቃሉ፣ ይጯጯሃሉ፤ የሚሉት አይገባትም። ሙቀቱ ከደረቷ ተነስቶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ስሙን ታውቀዋለች፤ ግን ስሙን የምትነግረው ሰው እዚያ አልነበረም።

ጃፈር ሲመለስ ሻንጣዋ ያልተዘጋጀ ሆኖ አገኘው።

"አልሄድም" አለችው። ቀኑን ሙሉ ስታስበው ነበር። ከሙቀት ሸሽቶ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ አሁን ግን ብትሄድ ትታው የምትሄደው ጃፈርን እንጂ ሙቀቱን አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት፣ በዓመት አንድ ወር ብቻ ያየችውን ሰው እንደገና ለአንድ ወር ልትጠብቀው ነው። "ከዚህ ጣሪያ ሥር ግን አውጣኝ። ታች ጨለማም ቢሆን ይሁን።"

"ነርሷስ ምን አለች?"

"የዕድሜ ነው አለችኝ።"

"የምን ዕድሜ?"

"የኔ።"

ጃፈር ጺሙን እያሻሸ አሰበበት። ሊጠይቅ የፈለገው ነገር ነበር፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቀም። "አላህ ያቅልልልሽ" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ሞያሌ ላይ ኬላው ሁለት ቀን ተዘግቶ ዕቃው እንዴት እንደዋለ እንዳደረ ይተርክላት ጀመር። እሷም ጆሮዋን ሰጠችው።

በሚያዝያ ወደ መጀመሪያ ፎቅ ወረዱ። ክፍሉ ቀንም መብራት ይፈልጋል፤ ደረጃው ሥር ስለሆነ የእግር ድምፅ አያባራም፤ ግን ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ሙርሺዳ የስፌት መኪናዋን በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ሙቀቱ ሲመጣባት ሥራውን አቁማ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ይመጣል፣ ይወጣል፣ ይሄዳል። ባለሱቁ ነጭ ጨርቅ መልሶ ይሰጣት ጀምሯል፤ እሷም ጉልበቷ ላይ ሌላ ጨርቅ ታነጥፋለች። ነርሷ ጋ አንዴ ተመልሳ ሄዳ ነበር፤ ሙሉሸዋ ግን በሥራ ተወጥራ ስለነበር በር ላይ ሰላም ተባብለው ተለያዩ።

በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ መጣ። ፀሐይ ለሳምንታት ጠፋች፣ ሰማዩ አመድ መሰለ፣ ኩለሱም ካፖርት ለብሳ እጇን እያሻሸች ታልፋለች። ጃፈር ለአራት ቀን መጥቶ ነበር፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀምጧል። ሙርሺዳ በስስ ቀሚስ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰፋለች።

"አይበርድሽም?" አላት።

"አይበርደኝም።"

ጃፈር በሩን አየው፣ እሷን አየና ተነሳ። ሊዘጋው መስሏት ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን እየጎተተ ከበሩ ራቅ ወዳለው ጥግ ሄዶ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመ። ሙርሺዳ የቀራትን ጠርዝ ሰፍታ እስክትጨርስ በሩ እንደተከፈተ ቆየ።