የንጉሡን ወፍ የሰረቅኩ ዕለት

የታሰርኩት ለተለመደው የኢሚግሬሽን ቀጠሮ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነው። ባለቤቴ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ታች ትጠብቀኝ ነበር። አገር ቤት በጻፍኩት ነገር አሥራ አንድ ወር ስለታሰርኩ ብዙም አልደነገጥኩም። የኢሚግሬሽን ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ሳይጠይቀኝ ዞሬ እጄን ወደ ኋላ ሰጠሁት።

«ታስረህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«በሙያው ቆይቻለሁ» አልኩት። አልሳቀም።

ያስገቡኝ ክፍል አራት አልጋ፣ የብረት ሽንት ቤትና መዳፍ የምታህል መስኮት ነበረው። የወለል ማጽጃው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበሩ። አንደኛው ሆንዱራሳዊ ጣሪያ ሠሪ ነው። ሌላው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ፊሊፒናዊ ናቸው፤ አገራቸው ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርተዋል። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለነበር አንቱ ልላቸው አልቻልኩም። እዚህ ስጽፍ ግን ዕዳዬን እከፍላለሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሚስታቸው ሞተች። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነው እሳቸውን የያዟቸው። ቀብር ልሂድ ብለው ጠየቁ፣ አልተፈቀደም። መልሱን ያመጣው ጠባቂ «አዝናለሁ» ሲላቸው አመሰገኑት። ከዚያ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ብቻቸውን መጸለይ ጀመሩ። በአገራቸው ወግ ሰው ሲሞት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዘመድና ጎረቤት እየተሰበሰበ ይጸልያል። እኛ ሠልስትና አርባ እንደምንለው ነው። እኔም ምን እንደምላቸው ስላላወቅኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

ሚስታቸው በሞተች በአምስተኛው ቀን ግን ማስተማር ጀመሩ። ዝምታው የሰለቻቸው ይመስለኛል። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ሕዝባቸው በቢላ ጫፍ ቀርከሃ ላይ ፊደል ይጭር እንደነበር ነገሩኝ። ተዘምሮ ለማለቅ ቀናት የሚፈጅ የጀግና ታሪክ በቃላቸው የያዙ ሴቶች ነበሩ፤ እንቆቅልሽም ነበራቸው።

«እኛ አገር እንቆቅልሹን ያልፈታ አገር ይሰጣል» አልኳቸው።

ሆንዱራሳዊው ከላይኛው አልጋ ሆኖ «እኔን እንዳትጠይቁኝ» አለ። «የምሰጠው አገር የለኝም።»

«ቀርከሃው በሰበሰ» አሉ አዛውንቱ። «በኋላ የስፔን መነኮሳት መጽሐፍ ይዘው መጡ። ከጥንቱ የተረፈው አብዛኛው ግን በሰው አፍ የነበረው ነው።»

አገር ቤት ስታሰር የተወሰዱብኝን ደብተሮች አስታወስኩ።

ከዚያ ስለ አንድ የለቅሶ ጨዋታ አወሩኝ። በስፔኖች ዘመን በዘጠነኛው ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ ይጫወቱት ነበር። የንጉሡ ወፍ ጠፋች ይባልና አንድ ሰው ይከሰሳል። ተከሳሹ በግጥም ይሟገታል። ከተረታ ቅጣቱ ለሟች መጸለይ ነው። ከረታ ግን ቅጣቱ ወደ ከሳሹ ይዞራል።

እኛም ዱሮ በላ ልበልሃ እያልን በግጥም እንሟገት እንደነበር ስነግራቸው ቀና አሉ።

«እንግዲያው ዘጠነኛው ቀን ላይ ተከሳሹ አንተ ነህ፤ እኔ እከስሃለሁ።»

ጨዋታ መሆኑ አልጠፋኝም፣ ግን ቀፈፈኝ። አገር ቤት መርማሪዬ አሥራ አንድ ወር ሙሉ የፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» የሚል። አልሰጠሁትም። በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ የወፏንም ክስ ቢሆን ልረታ ቆርጬ ተነሣሁ። የምግብ ማዘዣ ቅጽ ጀርባ ላይ ስጽፍ ስሰርዝ ሁለት ቀን ከረምኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ስደውል ባለቤቴ «ሎየሩን ኮል አድርጌዋለሁ፤ ሂሪንግህ ስኬጁል ተደርጓል፣ ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነው» አለችኝ። «አንተስ ምን እያደረግህ ነው?»

«የክስ መከላከያ እየጻፍኩ።»

«ጎበዝ! በርታ!» አለች። ስለ ወፍ መሆኑን አልነገርኳትም።

በዘጠነኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሆንዱራሳዊውን ላይኛው አልጋ ላይ አነገሥነው። ፎጣ ደርቦ ቁጭ አለ። አዛውንቱ ፀጉራቸውን በውኃ አበጥረዋል። መጀመሪያ በቋንቋቸው፣ ቀጥለው በእንግሊዝኛ ከሰሱኝ። ወፏ ጠዋት ነበረች፣ ይህ ሰው ካለፈ በኋላ ግን ቤቷ ባዶ ነው አሉ።

ተነሣሁ። ግጥሜ ኪሴ ውስጥ ነበር፦

በሩን ከውጭ ቆልፈህብኝ፣
ወፏን በየት አስገባ ብለህ ጠረጠርከኝ?

መልስ እንደማይገኝለት አውቅ ነበር። አፌን ስከፍት ግን አዛውንቱን አየኋቸው። ከረታሁ ቅጣቱ የእሳቸው ነው። ስምንት ቀን ብቻቸውን ጸልየዋል፣ በዘጠነኛውም ብቻቸውን ሊጸልዩ ነው።

«ሰርቄያታለሁ» አልኩ።

«ግጥምህስ?» አሉኝ።

«ጠፋብኝ።»

«ውሸቱን ነው፣ ሲጽፍ አይቼዋለሁ!» አለ ንጉሡ።

«እኔ ነኝ የሰረቅኳት» አልኩ ደግሜ። «ቃሌ ይመዝገብልኝ።»

ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ የማፍር ይመስለኝ ነበር። ደስ አለኝ። አዛውንቱ ገብቷቸዋል። ንጉሡም ትንሽ አሰበና «ይጸልይ!» ብሎ ፈረደ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እኛ ዘንድ ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስም መሆኑን አስረዳኋቸው። ሙሉ ስሟን ቀስ ብለው፣ እንዳልስት ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ምሥራቅ በየት እንደሆነ ግራ ሲገባኝ ጣሪያ ሠሪው ፀሐይ በመስኮቷ የምትገባበትን አይቶ በጣቱ አመለከተኝ። ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ስሟን ጠርቼ ነፍሷን ይማር አልኩ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በስፓኒሽ ተከተለኝ። አዛውንቱ በዚያን ቀን አልጸለዩም። እንደ ባለ ለቅሶ ተቀምጠው ሲጸለይላቸው አዳመጡ። ስንጨርስ እጃቸውን ጨብጬ በአማርኛ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁኝም።

በሳምንቱ እሳቸውን ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። እኔን ዳኛው ፈታኝ። ስለ አዛውንቱ ብዙ አጠያይቄ ነበር፣ ያገኘሁት ነገር የለም።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎት ስም ጽፋችሁ ስጡ ሲባል የአባቴንና የእናቴን እጽፍና ከሥራቸው የእሷን እጨምራለሁ። ባለፈው ዲያቆኑ ወረቀቱን ሲያነብ እዚያ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺ የፈረንጅ ስም የማን ናት? ዘመድዎ ናት?»

«አይደለችም» አልኩት። «ለቅሶዋን ደርሻለሁ።»