አያቴ ለሐኪሙ የጀመሩት ተረት

ልጅ ሳለሁ እናቴን የአያቴ የደረት ሕመም ያህል ያስለቀሳት ነገር አልነበረም። አያቴ የአባቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉና ንብ ሲያጨሱ ኖረው፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ሳንባቸውን ሲያማቸው ቦንጋ እኛ ዘንድ መጡ። ያኔ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ የኩራዙ ጭስ ወደ ጣሪያው እየወጣ፣ ተረት ይነግሩን ነበር። መሃል ላይ ድንገት ያቆሙና ያዩናል። እኛም ወጉ ነውና ባንድ ድምፅ «ከዚያስ?» እንላለን። ካላልን አይቀጥሉም። ልክ ልባችን ሲንጠለጠል ስለሚያቆሙ፣ ከእሳቸው የሚበልጥ ተረት ነጋሪ የለም ብዬ እምል ነበር።

ጣጣው ሐኪም ቤት ነበር። ሐኪሙ ወጣትና ትሁት ሰው ነው። «አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይላቸዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተስ ልጄ? እናት አባት ደህና ናቸው?»

እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ላለ ሰው ሕመም መዘርገፍ ነውር ነው፤ ሰላምታ ነዋ! «ሲሄዱስ ያደክምዎታል?» ሲላቸው ደግሞ «ኧረ እንኳን ሊደክመኝ! ማንኪራ ደርሼ እመለሳለሁ» ይላሉ። ማንኪራ! በዚያው ጠዋት ከመኝታቸው እስከ ደጃፍ ግድግዳ ይዘው የወጡት ሰውዬ! እናቴ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አማቷን ሐኪም ፊት ዋሹ ማለት አይሆንላትም። ሐኪሙም ያው መድኃኒት ይበቃል ብሎ ይሸኘናል።

መድኃኒቱንስ መች ወሰዱት! ወደ አፍ የሚነፋውን ጠዋትና ማታ ይጠቀሙ ሲባሉ «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጭስ አይጠጉ ሲባሉ «ተረት ያለ እሳት ይነገራል እንዴ?» አሉ። እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አባባ!» እያለች ትለምናቸዋለች፤ እምቢ ሲሏት ጓሮ ሄዳ ታለቅሳለች። እኔም በልጅ አቅሜ እበግን ነበር።

ክረምት ሲገባ ባሰባቸው። «ዛሬም ደህና ነኝ ካሉ መሞታቸው ነው» አለች እናቴ፣ ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ በጆሮዬ።

ደህና ነኝ አሉ። ሐኪሙ አላምን ሲላቸው ጭራሽ «እንዲያውም ስማኝ» ብለው ተረት ጀመሩ። «አንድ ጉሬዛ ማር አምሮት ዛፍ ላይ ወጣ...» አቆሙና አዩኝ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

ቀጠሉ። ጥቂት ሄደው አሁንም አቆሙ። «ከዚያስ?» ስል ሐኪሙ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «አንቺ እስቲ ዝም በይ። አባባ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።»

አያቴ ጠበቁኝ። እኔ ዝም አልኩ። «ንቦቹም...» አሉና ትከሻቸው ወደ ላይ ተነሣ፤ አፋቸው ተከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ያን ሁሉ ማታ እኛ «ከዚያስ?» እያልን ስንጮህ፣ እሳቸው ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር።

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠጋ። «አባባ፣ ሌሊቱን እንዴት ነው የሚያድሩት?»

«ቁጭ ብዬ» አሉ በመጨረሻ። «ስተኛ ያፍነኛል።»

«ይህችን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ጊዜ!» አለች እናቴ፤ እየተቆጣች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

መድኃኒቱ ተለወጠ፤ ሳጥኑም ተከፈተ። ምድጃው ወደ ጓሮ ወጣ፣ ተረቱም በረንዳ ላይ ያለ እሳት ሆነ። አያቴ «ይሄማ የቀዘቀዘ ገንፎ ነው» እያሉ አጉረመረሙ፤ ግን እያጉረመረሙም ቢሆን ዓመታት ኖሩልን።

ዛሬ ያንኑ የጉሬዛ ተረት ለልጆቼ ስነግር፣ እሳቸው ያቆሙበት ቦታ ሁሉ አቆማለሁ። ትንሿ ልጄ ትበሳጫለች። «እማዬ፣ ምን ያስቆምሻል? ቶሎ በይ እንጂ!» ትለኛለች። ሳንባዬ ጤነኛ ነው፤ የምሰጣት ምክንያት የለኝም። «ከዚያስ በይ» እላታለሁ፤ እስክትል ድረስም አልቀጥልም።