ፊውዝ በኪስ፦ መካኒክ ፍለጋ ከኮዬ ፈጬ እስከ አቃቂ በሰቃ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ኮዬ ፈጬ

ሚኒባሶቹ በሕንፃዎቹ መሀል ጡሩምባቸውን እየነፉ የመጀመሪያውን ሠልፍ ይጭናሉ። እኔም አሮጌዋን ኮሮላዬን አስነሥቻለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ሞተሯን ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ አውርጄ ሰቅያለሁ። መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም፤ እያነበብኩና እየፈታሁ ነው የተማርኩት።

ያስቸገረኝ ኤሲው ብቻ ነው፤ ሙቅ አየር ይተፋል። አዋሽ ያለችው ልጃችን ከወለደች ወር ሞላት። ባለቤቴ እታለማሁ ግን ልቧን ያማታል፤ ሐኪሟም «ሙቀት ውስጥ እንዳትጓዢ» ብሏታል። ኤሲው ካልሠራ የልጅ ልጇን አታይም። ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ፤ ሦስቴም ሳምንት ሳይሞላው ሞቀ።

ስለዚህ መላ ዘየድኩ። የኤሲውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። መነቀሉን አይቶ የሚነግረኝን መካኒክ አምነዋለሁ፤ ሌላ ሌላውን የሚያወራውን ትቼው እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ፈተና ያወጣ ሰው ከእኔ በፊት አልሰማሁም።

1 ሰዓት ተኩል፤ ከኮዬ ፈጬ መውጫ

መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ነው። ሰውየው ጥርሱን እየፋቀ መጣ። ኤሲው እንደሚሞቅ ነገርኩት፤ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈተኝም።

«ፋዘር፣ ኮምፕረሰሩ ሞቷል።»

«ሳታየው?»

«ድምፁ ይናገራላ!»

«ነፍሱን ይማር» ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

3 ሰዓት፤ ገላን ኮንዶሚኒየም

ትኩስ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ሴቶች፣ ሙዝ የተከመረበት ጋሪ፣ ከጀርባቸው ሁለተኛው ጋራዥ። ይኼኛው ትሑት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ቧንቧውን ዳሰሰ።

«ጋዝ ነው ጋሼ። ሞልቼ ደብረ ብርሃን አደርግልዎታለሁ።»

«የበፊቱ ጋዝ የት ሄደ?»

«ያልቃል እኮ፤ እንደ ቤንዚን ነው።»

የኤሲ ጋዝ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ አያልቅም። ቀዳዳ ካላገኘ የትም አይሄድም። ይህን አስረድቼው፣ ፓስቲ ገዝቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

4 ሰዓት ተኩል፤ አቃቂ በሰቃ

የብየዳ ብልጭታ፣ የጎሚስታ መዶሻ፣ ዘይት የጠጣ መሬት። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ጠየቅሁ፤ ጉራጌ ነው፣ አፉ ጣፋጭ።

«ከድር ጋ ይሂዱ አባቴ። ግን ይቆጣዎታል።»

«ምን አድርጌው?»

«ምንም ባያደርጉትም ይቆጣዎታል።»

ከድር ከስልጤ የመጣ፣ የመጀመሪያ ልጄን የሚያህል ሰው ነው። ኤሲውን አስከፈተኝ፣ አዳመጠ፣ ቀጥታ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ሄደ።

«አባባ፣ ፊውዙ የለም። ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ልፈትንህ።»

ጎረቤት ያሉት በያጆች ሣቁ። ከድር ግን ፊቱን አልፈታም።

«አለፍኩ?»

«አለፍክ።»

«እንግዲያው ፊውዙን ይስጡኝ፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው።»

የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባ ቧንቧውን ተከተለ። አንድ መጋጠሚያ ላይ አረፋው ተንደቀደቀ። ፈትቶ ያበጠ የጎማ ቀለበት አወጣ።

«ይህን እዚህ የከተተው ማነው?»

ወዲያው አወቅሁት። አምና ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በመቀስ ቆርጬ የሠራሁት ቀለበት ነው።

«እኔ ነኝ። አቆራረጡ አያምርም?»

«ያምራል። ግን እንዲህ ያለ ጎማ የኤሲ ጋዝና ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይበላል። ያን ሁሉ ጋዝ ያፈሰሰው እሱ ነው። አባባ፣ ኤሲውን ያበላሹት እርስዎ ነዎት።»

ጋዝ የሞሉልኝ ሦስቱም መካኒኮች «እርስዎማ ባለሙያ ነዎት» ነበር ያሉኝ። ጥፋቴን ፊት ለፊት የነገረኝ ይህ ቁጡ ሰው ብቻ ነው። መኪናዬን ብቻ ሳይሆን ቤቴንም ጥዬለት ብሄድ አላስብም።

«ወደቅኩ» አልኩት።

ያኔ ሣቀ፤ ሲስቅ ልጅ ይመስላል። ለኤሲ የተሠራውን ቀለበት አምጥቶ እኔው ራሴ እንድገጥመው ፈቀደልኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ እጄ ንቅንቅ አላለም። ከድርም አይቶ «ይህስ ሥራ ነው» አለ። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር በማሽን መጥጦ አወጣና ጋዝ ሞላ። አረፋ የለም። የአቃቂ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለ፣ መኪናዬ ውስጥ ግን ጠዋት ሆነ።

8 ሰዓት፤ ኮዬ ፈጬ

ከታች ሆኜ ጡሩምባ ነፋሁ። እታለማሁ አራቱን ፎቅ ቀስ እያለች ወረደች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። መዳፏን ከነፋሱ ፊት ዘረጋች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ውረድ።»

«ለምን?»

«ሻንጣዬ በሩ ሥር ነው፤ ከታሰረ ወር ሆነው። ቅቤውንም እንዳትረሳ። እኔ ከዚህ ወንበር የምነሣው አዋሽ ስደርስ ነው!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ሻንጣውን በአንድ እጄ፣ ቅቤውን በሌላው ይዤ ስመለስ እታለማሁ ቀበቶዋን አስራለች፤ በስልክ «ሕፃኑን እጠቢልኝ፣ መጣሁ!» እያለች ነው።