አባቴ ያልማሉት መሐላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሦስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ተከታታይ ፊልም ያይ ነበር። እኔ እዚያው ጥግ ላይ የተማሪዎቼን የፊዚክስ ፈተና አርማለሁ። ፊልሙ በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ከባሕር ማዶ ባለ አንድ አገር ዕፅ የሚነግድ ቡድን ከመንግሥት ጋር ጦርነት ገጥሟል፤ ዳኛ ይገድላል፣ ሚኒስትር ያግታል፣ ፖሊስ ጣቢያ ያጋያል። ለመንግሥት በድብቅ ወሬ የሚያቀብል አንድ ቀጭን ሰው ነበር። ተደረሰበትና በመኪና ጭነው ወሰዱት። የተኩሱ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹ አጨበጨቡ። «የእጁን ነው ያገኘው» አለ ልጄ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እኔም በእነሱ ዕድሜ እንዲህ ባለ ቦታ አጨብጭቤያለሁ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቴን እየገረፈው ብዙ ቆምኩ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ሞላሌ በምትባል የመንዝ ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር የገጠር ልጆች ብዙ ነበርን። የእኛ ቤት ከከተማዋ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ስንቄን ተሸክሜ እመጣለሁ፤ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ እናቴ ደስ ካላት ደግሞ ትንሽ ቅቤ። ክፍሏን የምጋራው ከሲሳይ ጋር ነበር። የአገሬ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጽሑፉ የሚያምር፣ ድስት ማጠብ የማይሰለቸው። ብርዱ ሲጠና የሁለታችንንም ባና ደርበን አንድ መደብ ላይ እንተኛለን። ባና ያልኩት በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ያለ እሱ የዚያን አገር ጥቅምት የሚችል የለም።

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤት እንገባለን። ቪዲዮ ቤቱ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ ጭቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ በሲዲ ያስመጣውን ተከታታይ ፊልም ያሳያል፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚተረጉመውም ራሱ ነው። እንግሊዝኛው ምን ያህል እንደነበረ ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ሰዎቹ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲጨቃጨቁ ቆይተው እሱ «ነገ እንገናኝ አለው» ብሎ ያልፈዋል። የዚያን ዓመት የምናየውም ስለ ዕፅ ነጋዴዎችና ስለ መንግሥት ነበር። ዕፁን «ዱቄት» ነበር የሚለው። አንድ ቀን ዝናብ ያስገባቸው ሽማግሌ ጥቂት አይተው፣ «ለዱቄት ነው ይኼ ሁሉ ሰው የሚተላለቀው? ወፍጮ የላቸውም እንዴ?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኛ ወጣቶቹ የቡድኑ አለቃ ወገን ነበርን። መንግሥትን የሚያህል ነገር አንድ ሰው ሲያንበረክክ ማየት ደስ ይል ነበር። ምናልባት መንግሥት ስንል የምናውቀው ስብሰባ የሚጠራንን ሰው ብቻ ስለነበረ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን አለቃው ጠቋሚ የሚለይበት ብልሃት ነው። አንዲት ያመለጠች ቃል ወይም ጫማ ላይ የቀረ ጭቃ ይበቃዋል። እኔ ሒሳብ ላይ ፈጣን ነበርኩና ብዙ ጊዜ ከአለቃው ቀድሜ ጠቋሚውን ለይቼ ለሲሳይ በጆሮው እነግረዋለሁ። ልክ ስሆን ደረቴ ይነፋል።

በጥር መጨረሻ የእትዬ አስካለ በጎች ተሰረቁ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከበጎቻቸው በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ጎረቤታችን ናቸው። በረታቸው ተሰብሮ አንድም ሳይቀር ተነዳ። ሳምንት እንዳለፈ አገሩ አውጫጭኝ ተጠራ። ከተማ ያደገ አንባቢ ላያውቀው ይችላል፤ አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጡና ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ጀርባ ይቀመጣሉ። ያየም ያላየም አንድ በአንድ ይገባል። ያላየው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይወጣል፤ ያየው ይናገራል። ውጭ ያለው ማን እንደተናገረ አያውቅም። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ሲያወጡ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ እንጂ የሰውየውን ስም እስከ መቃብር አያነሡም። ለዚህም አስቀድመው ይምላሉ፤ «ከእኔም ከቤቴም አይወጣም» ብለው። የወፏ ሕይወት የሚጠበቀው በዚያች መሐላ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት ከሦስቱ አንዱ አባቴ ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን ወፏ ተናገረች። ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ አንደኛው ታደለ ነው፣ የሲሳይ ታላቅ ወንድም። ካዱ፣ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ግን አመኑና የተረፉትን በጎች ሊመልሱ፣ ለጎደለውም ሊክሱ ተስማሙ። ታደለ ከሜዳው ሲወጣ ማንንም አልሰደበም። የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየ አለፈ።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ቀርቼ አገር ቤት ነበርኩ። አመሻሽ ላይ አባቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው የለበሱትን ባና ጫፍ በሁለት ጣታቸው ሲያሹ ቆዩና እናቴን፣ «የበግ ጠጉር ከተሸለተ ወዲያ የማን እንደሆነ ይለያል?» አሏት።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች እናቴ። «ባና ሠሪ ግን ይለያል ይባላል።»

አባቴ ባናውን ለቀቅ አድርገው ስለ በልጉ እርሻ ማውራት ጀመሩ። የሰው ስም አልጠሩም። እኔ ግን ጥጌ ላይ ሆኜ ሒሳቤን ሠራሁ። በአካባቢው ባና የሚሠሩት ጋሽ ሞገስ ብቻ ናቸው፤ አጭር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በየቤቱ ጠጉር እየተቀበሉ በደጋናቸው የሚያፍታቱ ሰው። የእትዬ አስካለ በጎች ደግሞ ሌላው ቤት የሌለ ዳለቻ መልክ ነበራቸው። ከሌቦቹ ቤት ያ ጠጉር ለባና ተልኮ ከሆነ የሚደርሰው በጋሽ ሞገስ እጅ ነው። ጨርሼው ተኛሁ። የተሰማኝ ነገር ኩራት ነበር፤ ዛሬም ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪዲዮ ቤት ገባን። ያን ቀን አለቃው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጠቋሚውን በእጁ አስገባ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሲሳይ ብቻ እጁን ከጉያው አላወጣም። ስንወጣ ጭጋግ የገበያውን ሜዳ ሸፍኖታል። ከኪሴ ቆሎ እያካፈልኩት ወደ ቤታችን አቀናን።

«ይኼ አለቃ እኛ አገር ቢሆን ግን ወፏን አያገኛትም» አለኝ።

«ለምን አያገኛትም?»

«ማን ይነግረዋል? ሽማግሌ እንደሁ አይናገር።»

«ሳይነገረው ነዋ። እኔ እንኳ አግኝቻታለሁ።»

ሲሳይ ቆመ። «ትቀልዳለህ» አለ።

የታደለ ወንድም መሆኑን ዘንግቼው አልነበረም። ከስርቆቱ ወዲህ ግን «አሳፈረኝ፣ ወንድሜ ብዬ አልጠራውም» ሲል ደጋግሜ ሰምቼ አምኜዋለሁ። ከዚያም በላይ ብልህ መባል ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት ላገኝለት ብዙ ዓመት ሞክሬ አጣሁ።

«የበግ ጠጉር ማን ይለያል? እስቲ አስበው» አልኩት።

ጥቂት ተራመደና «ጋሽ ሞገስ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ አላልኩም» ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ትምህርት ነበር። ሲሳይ ገና ሲነጋ ተነሥቶ «እናቴን አሟታል» ብሎ ወደ አገር ሄደ። መልእክት ያመጣለት ሰው አላየሁም፤ ማን ነገረህ ብዬም አልጠየቅሁት። ጠርጥሬ ግን ነበር። ተከትዬው ብሮጥ ከተማው ሳያልቅ እደርስበት ነበር፤ ወይም በአቋራጭ ወርጄ ጋሽ ሞገስን ሽሹ ማለት እችል ነበር። የፊዚክስ ፈተና ነበረን። ገብቼ ተፈተንኩ።

በስምንተኛው ቀን ጋሽ ሞገስ ከሞላሌ ገበያ ሲመለሱ ጭጋግ በወረደበት ገደል አፋፍ ላይ በጥይት ተመትተው ተገኙ። ያልተሸጠላቸው አንድ ባና እንደታጠፈ አጠገባቸው ነበር። ዘራፊ ቢሆን ባናውን አይተወውም፤ ሰው ሁሉ ለምን እንደተገደሉ ያወቀው በዚያ ነው። በዚያው ባና ጠቅልለው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ልጃቸው ዘነበች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀብሩ ላይ ስታለቅስ አላየኋትም፤ የአባቷን ደጋን ይዛ ቆማ ነበር።

ፖሊስ ታደለንና ጓደኛውን ይዞ ምስክር ቢያጣ ለቀቃቸው። አገሩም እንደገና አውጫጭኝ ተቀመጠ። የበልጉ እርሻ ቆሞ፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ፣ ሰው በመጋቢት አቧራ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ዋለ። ከካቡ ጀርባ የገባው ሁሉ ቶሎ ይወጣል። ማን ይፍረድበት? የተናገረ ሰው ምን እንደሚሆን አይቷል።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴ መሐል ናቸው፤ የሚጠይቁትም እሳቸው ነበሩ።

«ያየኸው አለ?» አሉኝ፣ ለማንም እንደሚሉት።

«የለም።»

«የሰማኸውስ?»

የሲሳይን ስም ብጠራ ታደለ ይያዛል። ቀጥሎ ግን ለሲሳይ ማን ነገረው ይባላል። «የለም፣ አባባ» አልኩ።

ቀጥለው «የተናገርከውስ?» አሉኝ። ከእኔ በፊት የገቡትን ኋላ ጠይቄያለሁ፤ ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ሌላ ሰው የለም። የዚያን ምሽት ምድጃ ዳር ጆሮዬን አቅንቼ እንደነበር አልረሱትም ማለት ነው።

«የለም» አልኩ።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። «በል ሂድ» አሉኝ።

ወፍ ሳትመጣ ሸንጎው ተበተነ። ከዚያ የሰው ዓይን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። የጋሽ ሞገስን ስም የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ከአንዳቸው ቢወጣ ነው። የሟች ዘመዶች በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንዲምሉላቸው ጠየቁ፤ «ከእኔም ከቤቴም አልወጣም» ብለው። ሁለቱ ማሉ። አባቴ ወደ በሩ ቀርበው ጫማቸውን አወለቁ፤ ቄሱም መስቀሉን ዘርግተው ጠበቁ። አባቴ ብዙ ቆሙ። ኋላ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁና «አልምልም» ብለው በሕዝቡ መሐል አልፈው ወደ ቤት ሄዱ። ስለ ራሳቸው ብቻ ቢሆን ይምሉ ነበር። ያላመኑት ቤታቸውን ነው።

እኔ እዚያው ሕዝቡ መሐል ቆሜ ነበር። አጠገቤ ያለ ሰው «ለካ አሳልፎ የሰጠው እሱ ነው» ሲል ሰማሁት። ከሰዉ ጋር ተበትኜ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴን ለሽምግልና የጠራቸው የለም። ሰንበቴ ላይ ከአጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ፤ ሰላምታ እንኳ ለእግዚአብሔር ሲባል ብቻ የሚሰጣቸው ሆኑ። እንዲህ ሆነው አረጁ። ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ትምህርቴን አስጨረሱኝ፣ ሥራ ስይዝ መረቁኝ፣ ልጄን ክርስትና ስናስነሣ በደስታ አለቀሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዴ ለምን አይሰድቡኝም ብዬ እሳቸው ላይ እናደድ ነበር፤ ሰው እንዲህም ዓይነት ክፋት አለው። ሲሳይ ትምህርቱን ትቶ ከአገር ወጣ፤ የት እንደገባ አላውቅም። ታደለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ጠብ ተገደለ። በዚያ አገር አውጫጭኝ ከዚያም በኋላ ተጠርቷል፤ ወፍ ግን መጥታ አታውቅም።

አባቴ ያረፉት አምና ነው። ለቅሶው ላይ ዘነበች መጣች። ሞላሌ የምትኖር የልጆች እናት ሆናለች። ከድንኳኑ ወደ ውጭ ጠራችኝና እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባትህን ይቅር ብያቸዋለሁ። ሙት ላይ ቂም አልይዝም፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለችኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ታደለ ሞቷል፣ ሸንጎው የለም፣ የሚያሳስረኝ ሰው የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሳምንት ሞላኝ። ከደብረ ብርሃን ጠዋት የሚነሣ መኪና በዚያው ቀን ሞላሌ ይገባል፤ መናኸሪያው ከምሠራበት ትምህርት ቤት ሩቅ አይደለም። አልተሳፈርኩም። መሄድ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እፈራለሁ። ዘነበች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይቅር ያለችው ምንም ያላጠፉትን ሰው ነው።