የማዳም መዋዠቅ

መዋዠቅ የሚለውን ቃል አገሬ ሳለሁ የማውቀው በመብራት ነው። አምፖሉ ቦግ እልም ሲል «መብራቱ ይዋዥቃል» ይባላል፤ እኔም ቴፑ እንዳይቃጠል ሮጬ እነቅላለሁ። በሬዲዮም የቡና ዋጋ ይዋዥቃል ሲሉ እሰማ ነበር። ሰው እንደሚዋዥቅ ያየሁት ግን ዶሃ፣ መዲናት ኸሊፋ የሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ሰው ደግሞ ከምን ይነቀላል?

ሞባይሌን አሠሪዬ ማዳም መኝታ ቤቷ ቆልፋበት፣ አርብ አርብ ትሰጠኛለች፤ ከፈለገች። ያን ሰሞን ልጄ ቅዳሜ ዕለት ዓይኗን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ቀጠሮ ነበራት። «እማዬ ካላናገረችኝ ሐኪም አይነካኝም» ብላ እህቴን አስጨንቃታለች።

ሐሙስ ማዳምን ጠየቅኳት። «ነገ ጠዋት ውሰጂ» አለች ስቃ። ጠዋት ስሄድ «የምን ስልክ? ሥራሽን ጨርሺ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሳሎኑን ጨርሼ ስመለስ «ከምሳ በኋላ፣ ያላ ሂጂ» አለች። ከምሳ በኋላ በሯን ዘግታ ተኛች። ክፉ ሰው ቢከለክል ቁርጡ ይታወቃል። የሷ ግን ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ለምን እንደሆነ አይገባም። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ።

«አንቺ፣ ብርጭቆው ምን በደለሽ?» አሉኝ፣ ከኔ በፊት እዚያ ቤት የገቡት ያገሬ ሰው፣ ወጥ ቤቷ እትዬ።

«ያስቀየምኳት ነገር ካለ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ምንም አላደረግሻት። ሴትዮዋ ትዋዥቃለች፣ በቃ! ምክንያት ስትፈልጊላት አንቺ ታብጃለሽ። አሁን እንግዶች ይመጣሉ፤ እነሱ ፊት ጠይቂያት። ሰው ፊት ክፉ መባል አትወድም።»

ሻይ ካዞርኩ በኋላ ትሪውን እንደያዝኩ፣ «ማዳም፣ ልጄ ነገ ቀዶ ጥገና አላት፤ ስልኬን እፈልጋለሁ» አልኩ። እንግዶቹ «ሚስኪን!» አሉ። እሷም ፈገግ ብላ፣ «እኔ መቼ ከለከልኩሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አለችና አምጥታ ሰጠችኝ። ከጩኸቷ ይልቅ ያን ፈገግታዋን ጠላሁት።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ይንካኝ?» አለች ልጄ።

«ይንካሽ የኔ እናት፣ አትፍሪ።»

«ፋሻው ሲፈታልኝስ ትደውያለሽ?»

ቀና ስል ማዳም በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታለች። «ኸላስ፣ በቃ አምጪ!»

እደውላለሁ ማለት አልደፈርኩም። «መጀመሪያ ያየሽውን ለአክስትሽ ንገሪያት፤ እኔ ከሷ እሰማለሁ» አልኳት።

ስልኩን የማዳም እጅ ላይ አላስቀመጥኩትም። ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ትቼላት በአጠገቧ አለፍኩ።