ለግራ እጅ የሚሆን ሰንጢ

ከሰንዳፋ የተነሳሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጉዳዬ ሲነገር ያስቃል፤ ሰንጢ ልገዛ ነው መርካቶ የምወርደው። እናቴ “ለአንድ ሰንጢ ይሄን ሁሉ መንገድ? ከዚሁ ሱቅ አትገዢም?” ብላ ሳቀችብኝ። ከዚሁ ሱቅ ያለውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ፤ ግን ከእናቴ ጋር በማለዳ መከራከር አያዋጣም፣ ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ።

ነገሩ የአባዬ ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አባዬ ከሁላችን ቀድሞ ይነሳል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በሰንጢው የወይራ እንጨት እየላጠ ለቤተሰቡ የጥርስ መፋቂያ ይቆርጣል። እኔም ስነቃ ትራሴ አጠገብ አንዷን አገኛታለሁ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ ተሻለው፣ አንደበቱም ተፈታ፣ ቀኝ እጁ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። አሮጌው ሰንጢ ደግሞ በጥፍር ተጎትቶ የሚከፈት ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በቀደም መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና “ለወንድምሽ ስጪው፤ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል” አለኝ። ደነገጥኩ። ሰው ዕቃውን ማደል ሲጀምር ደግ ነገር አይመስለኝም።

ስለዚህ በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገው የግራ መዳፉን በክር ለካሁ፤ ገበያ ወጪ ለልጅ ጫማ ሊገዛ እግሩን በክር እንደሚለካው። ክሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የሄድኩት።

መንገድ

እስከ ላምበረት ሰላም ነበር። ከዚያ በኋላ የተሳፈርኩበት ታክሲ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ “ጠጋ ጠጋ በሉ” እያለ አራተኛ ሲጨምር አላስችል አለኝ፤ ተናገርኩት፣ መለሰልኝ፣ እስክወርድ ድረስ ተኳረፍን። ስወርድ ግን ቦርሳዬን ረስቼ ነበርና እየሮጠ መጥቶ ሰጠኝ። አፈርኩ። ክሩ እኮ እዚያ ውስጥ ነው።

ቁርሴን ትኩስ ፓስቲ በሻይ በልቼ በጭድ ተራ በኩል ገባሁ። ጥግ ላይ መፋቂያ ከምትሸጥ ሴት ያልተላጠ፣ ረዘም ያለ የወይራ እንጨት ገዛሁ፤ ሰንጢ ሳይሞከር አይገዛም። በሸማ ተራ ሳልፍ ነጠላው ሁሉ ዓይኔን ሳበው፣ “ዛሬ አይደለም” ብዬ እግሬን አፈጠንኩ። ከኋላዬ ተሸካሚዎች “ዞር በሉ!” እያሉ ይገፉኛል፣ ጭቃው ጫማዬን ይይዘዋል።

የወጥ ቤት ዕቃ መደዳ

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ቁልፍ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚከፈት ሰንጢ አሳየኝ። አገኘሁት ብዬ ልቤ ዘለለ። ቀኝ እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቼ በግራዬ ከፈትኩት፤ ለመዝጋት ስሞክር ግን አውራ ጣቴ ስለቱ መንገድ ላይ ገባና ቆረጠኝ። ለካ የመክፈቱን ብቻ ሳስብ የመዝጋቱን ረስቼዋለሁ። ሻጩ “አንዱ እጅሽ ምን ሆነ?” ብሎ ሲስቅ ሰንጢውን አስቀምጬለት ወጣሁ።

አለፍ ብሎ ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ ተቀምጠዋል። ጣቴን አይተው ፕላስተር ሰጡኝ። ክሩን ሳወጣ “የጫማ ነው እንዴ?” ብለው ቀለዱ። የአባዬን ነገር ነገርኳቸው። መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። ከዚያ ያላቸውን ሰንጢ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ፣ ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ከእኔ ጋር በግራቸው መሞከር ጀመሩ። ድስት ሊገዛ የገባ ሰው ሁለታችንን አየት አድርጎ ሹልክ ብሎ ወጣ።

አንዱ እጀታው ብረት ነው፣ ያንሸራትታል። አንዱ ጠርዙ መዳፍ ይቆረቁራል። አብዛኞቹ መክፈቻቸው ለቀኝ አውራ ጣት ብቻ የተሠራ ነው። በመጨረሻ አንዲት ጥቁር አገኘን፤ ስለቷ ላይ ከወዲህም ከወዲያም መግፊያ ጉጥ አላት፣ እጀታዋ ጎማ የለበሰ ነው። መቆለፊያዋ የእጀታዋ ጀርባ ላይ ስለሆነ እሱን ተጭኖ የስለቱን ጀርባ ጭን ላይ ገፋ ማድረግ ነው፤ ጣት ሳትነካ ትታጠፋለች። ክሩን አጋደምንባት። ልክ ናት። የእንጨቴን ጫፍ ላጥኩባት፣ አይጥ የበላው መሰለ እንጂ ተላጠ።

ክርክር ልማዴ ነው፤ የጠሩት ዋጋ ግን ከማነሱ የተነሳ ለመከራከርም የሚያሳፍር ነበር።

“ይሄ እኮ የገዙበትም አይሆንም፣ ጋሼ” አልኳቸው።

“ግድ የለሽም። አባትሽ የቻለ ቀን አንድ መፋቂያ ይላክልኝ።”

ቤት

ስደርስ አባዬ በረንዳው ላይ ነበር። ሰንጢዋን አጠገቡ አስቀመጥኳት። አገላብጦ አያትና “ስትዘጋስ?” አለኝ። ከመክፈቱ በፊት! እኔ ጣቴን ቆርጬ የተማርኩትን እሱ ቁጭ ብሎ አስቦት ኖሯል። ቀኝ እጄን ከኋላዬ አድርጌ አሳየሁት፤ ጋሼ ሸምሱ ያሉትንም ነገርኩት። እሱ ግን ሰንጢዋን ሳይሆን ፕላስተሩን ነው የሚያየው።

“ይሄን ሁሉ በግራሽ ሞከርሽ?” አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሲሞክር ወደቀችበት። እናቴ ልታነሳለት ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳት። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ። ተከፈተች። ከመርካቶ የተረፈችኝን እንጨት በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ መላጥ ሲጀምር እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔም ትቻቸው ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግሥቱ ስነቃ ትራሴ አጠገብ ሁለት መፋቂያ ነበር። አንዱ ጠማማ ነው፣ በአንድ ጎኑ ቅርፊቱ አልተላጠም። ሌላው የተስተካከለ ነው፣ ጫፉም ተለስልሷል።

“አባዬ፣ ሁለት ምን ያደርግልኛል?” ብዬ ጮኽኩ።

“ደህናው የመርካቶው ሰውዬ ነው፣ ውሰጂለት” አለኝ ከበረንዳው። “አንቺ የቤት ሰው ነሽ፣ ጠማማውን ቻይው።”

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አባዬ ሰንጢ አጥቷል ብዬ ነበር። ያጣው ለሰው የሚሰጠውን ኖሯል። ጠማማዋን አፌ ውስጥ ከተትኳት። ያልተላጠው ቅርፊት ይመራል፤ ግን አልተፋሁትም።